የአኩራፊዋ ክንፍ

ጂፑ የጦር ሰፈሩን አጥር ታክኮ ይበራል። ሻለቃው እጁ መሪው ላይ፣ ዓይኑ ሰማዩ ላይ ነው፤ ጉድጓድ ሲመጣ መዞር ትቶ ይገባበታል። በገባ ቁጥር ከኋላ የተቀመጠው የሚስቱ ታላቅ ወንድም ራሱ ከጣራው ሸራ ጋር እየተጋጨ፣ ጭኑ ላይ ያኖረውን የበረራ ቁር በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ያቅፋል።

«አንተ ሰውዬ፣ እህቴን መበለት ልታደርጋት ነው ወይስ እኔን ልትቀብረኝ?»

«ፊት ተቀመጥ ብዬህ ነበር እኮ ጋሼ።»

«ፊት የአብራሪ ነው።»

መልሱ ሁልጊዜ ይኸው ነው። ከኋላ የተቀመጠው ሻምበል የጥገና ክፍሉ አለቃ ነው፤ በመኪናም ሆነ በአውሮፕላን ፊት ወንበር ላይ ሲቀመጥ ያየው የለም። ሠራተኞቹ በሌለበት «ብሎን» ይሉታል፤ አጭርና ጠንካራ ስለሆነ፣ ሲያዩት ትንሽ ሆኖ ሳለ ያለሱ ሁሉም ነገር የሚላቀቅ ስለሚመስላቸው። እሱም ይህን ያውቃል፤ ያላወቀ ይመስላል እንጂ በስሙ ሳይኮራ አልቀረም።

የሁለቱ አጠራር ለሰሚ ግራ ነው። በሰው ፊት ሻምበሉ ተረከዙን አጋጭቶ ሰላምታ ይሰጥና ሻለቃውን «እርስዎ» ይለዋል። ቤት ሲገቡ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሻለቃው «ጋሼ» ብሎ ከወንበሩ ይነሣል፣ ሻምበሉ ደግሞ «ቁጭ በል» ይለዋል። ጂፑ ግን የቤት ይሁን የሥራ ገና ስላልተወሰነ፣ እዚያ ውስጥ ሁለቱም እንዳፋቸው ነው።

ሻለቃው ካለፈው ሳምንት ወዲህ እግሩ አልቀመጥ ብሎታል። ወንበር ላይ ሲሆን ይነሣል፣ ሲነሣ ይንጎራደዳል፣ የለኮሰውን ሲጋራ ረስቶ ሌላ ይለኩሳል። ዛሬ ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ ሲያበቃ እንደገና ሳሙና መቀባት ሲጀምር ሚስቱ ምላጩን ከእጁ ወሰደችበት። እስከ በሩ ሸኘችውና የሸሚዙን ኮሌታ እያስተካከለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንድሜን እንዳታሳፍርብኝ። አቡሽንም እንዳታስገድልብኝ» አለችው። ሁለቱ አደራዎች አብረው የሚሄዱ መሆን አለመሆናቸውን አላሰበችበትም። እሱ ግን ሌላ የሚያስበው ነገር አልነበረውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለወራት ቴሌክሱ ሲንጣጣ፣ በየጽሕፈት ቤቱ ታይፕ ሲደበደብ የከረመው በአንድ ጥያቄ ነው፤ አሮጌዎቹን ጄቶች ሞተርና ራዳር ቀይሮ ማደስ ይሻላል ወይስ በዚያው ገንዘብ ጥቂት አዲሶች መግዛት? የታደሱት ክረምቱ ሳይወጣ ሰማይ ላይ ይሆናሉ። አዲሶቹን ለማግኘት ግን የሻጩ አገር ወረፋ አለው፤ ሁለት ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ከወሰኑ ማዶ ያለው ጎረቤት ደግሞ ሁለት ዓመት እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅ አይመስልም።

ለሻምበሉ አዲስ መግዛት ማለት ሃንጋሩ ተዘጋ ማለት ነው። አዲሶቹ ከነጠጋኛቸው፣ ከነመፍቻቸው ሳይቀር ነው የሚመጡት። ከመዶሻ አያያዝ ጀምሮ ያስተማራቸው፣ አንዳንዶቹንም የዳራቸው ሠራተኞች ይበተናሉ። ስለዚህ እንቅልፉን አጥቶ አንዲት ባለ ሁለት ወንበር አሮጌ ጄት አደሰና «ሙሽሪት» ብሎ ሰየማት። እስከ አሁን መሬት ላይ ሞተሯ ተፈትኗል እንጂ አልበረረችም፤ ነገሩን እንዲወስን የተሰየመው ኮሚቴ ቀኑን ስላቀረበው የመጀመሪያ በረራዋም ትርኢቷም በአንድ ጠዋት ላይ ወደቀ። የሚያበራት ሻለቃው ነው። ሲወርድ ለኮሚቴው የሚናገረው ቃል ነገሩን ይቆርጠዋል፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ጄኔራሉ ራሳቸው በስልክ «እኔ የማምነው ያንተን አፍ ነው» ብለውታል።

በዚያ ላይ አቡሽ አለ። የሻምበሉ አንድ ልጅ፣ ምክትል መቶ አለቃ፣ የአብራሪነት ክንፉን ደረቱ ላይ ካሰረ ገና ዓመት አልሞላውም። ማደሱ ከጸደቀ ከአሮጌዎቹ አንዷ፣ «ባልቴቷ» የሚሏት፣ የእሱ ናት።

ሃንጋሩ በር ላይ ጂፑ ሲቆም ኮሚቴው ቀድሞ ደርሶ ነበር። ጄኔራሉ ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው፣ ከግምጃ ቤት የመጣው ሰውዬ ደግሞ ሙሉ ልብስና ክራባቱን ለብሶ፣ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አጣብቆ፣ ዘይት እንዳይነካው እየተጠነቀቀ ቆሟል። አሮጌዎቹ ጄቶች በአንድ መስመር ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዳቸው አፍንጫ ፊት አብራሪያቸው ቀጥ ብሏል። አቡሽ አጎቱን ሲያይ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ያዘ። ሙሽሪት ከሁሉም ፊት፣ አዲስ ቀለሟ እያብረቀረቀ፣ ብቻዋን ቆማለች።

በሰፈሩ አንድ ልማድ አለ፤ ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። ከከባድ ጥገና የወጣ አውሮፕላን መጀመሪያ ሲነሣ፣ «ደህና ናት» የሚለው ሰው አፍንጫዋ ላይ መዳፉን ያሳርፍና ራሱ ኋላ ወንበር ላይ ይወጣል። ባለ አንድ ወንበር ከሆነች እስክትመለስ ድረስ ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ይቆማል፣ አይቀመጥም። ኋላ ያለው ሰው «ከኋላ አለሁ» ሳይል ደግሞ አብራሪው ፍሬን አይለቅም። ወረቀት ላይ ያልሰፈረ፣ ግን አንድም ሰው ተላልፎት የማያውቅ ሕግ ነው።

ሻምበሉ ወደ ሙሽሪት ሄደ፣ መዳፉን አፍንጫዋ ላይ አሳረፈ፣ ኋላ ወንበር ላይ ወጣ። ሻለቃው ሞተሩን አስነሣ፣ ቀበቶውን አጠበቀ፣ ቃሉ እስኪመጣም ጠበቀ።

«ከኋላ አለሁ» አለ በውስጥ ስልኩ የሻምበሉ ድምፅ።

ሙሽሪት ተወነጨፈች። ሻለቃው እውነቱን ለመናገር እንዲህ ትሆናለች ብሎ አልጠበቀም ነበር። አዲሱ ሞተር ጀርባውን ከወንበሩ ጋር አጣብቆ ወደ ላይ ወሰደው፤ ደመናውን ሲያልፉት ገና ትንፋሹን አልሰበሰበም። ራዳሩን ከፈተ፤ ሩቅ ያለችውን የጭነት አውሮፕላን ወዲያው ለቀመለት። ደስ አለው፣ ልቡም አረፈ። «ይኸው! ወንድሟም አያፍር፣ አቡሽም አይሞት» አለ በሆዱ። ከሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሮቹ ጸጥ አሉ።

ከዚያ ወደ ቀኝ አጥብቆ አዞራት።

ትከሻዋን ነቀነቀች። አንዴ ብቻ፣ አጭር፣ የነኳት ሕፃን እንደምታደርገው። ሻለቃው መሪውን መለስ አደረገና ወደ ግራ አዞራት፤ ምንም የለም። እንደገና ወደ ቀኝ፤ ትከሻዋን ነቀነቀች። የሚያውቀው ነገር ነው። ከጭንቅላቱ በፊት እጁ አወቀው።

ወጣት መቶ አለቃ ሳለ «አኩራፊዋ» የምትባል ጄት ነበረችው። ወደ ቀኝ ሲያዞሯት ሁልጊዜ እንዲህ ትከሻዋን ነቅንቃ ነበር የምትታዘዘው፤ ከእህቶቿ ማንኛቸውም ይህ አመል አልነበራቸውም። ገና ልጅ ሳለች አንድ ቀን ጎማዋ አልወርድ ብሎት በሆዷ አሳረፋት። እሱ ተረፈ፣ ሆዷ ተበላሸ። ሃንጋሩ ጓዳ ውስጥ ሸራ አልብሰዋት ቀረች። ክንፎቿ ግን ምንም አልሆኑም ነበር። እህቶቿ ዘመናቸውን ሁሉ ሲለፉ፣ የእሷ ክንፎች ሸራ ስር ተኝተው ነው የኖሩት።

የሬዲዮውን ቁልፍ ዘጋ።

«ሻምበል።»

«አቤት ጌታዬ።»

«ማማው አይሰማንም። እኛ ብቻ ነን።»

«እህ፣ ምን ሆንክ?»

«ጋሼ፣ ለዚህች የማን ክንፍ ነው የተገጠመላት?»

«የማን ይሆናል! የራሷ ነዋ።»

«አኩራፊዋን በሆዷ ያስተኛኋት እኔ ነኝ። እኔን ነው የምታታልለው?»

ሻለቃው አላጣደፈውም፤ አውሮፕላኗን ደመናው ላይ አቃንቶ ጠበቀው።

«የራሷ ክንፍ ሥሩ ላይ ተሰንጥቆ አገኘሁት» አለ ሻምበሉ በመጨረሻ። «ጊዜ አልነበረም። እንግዳ ይመጣል ተባለ። እንግዳ ሲመጣ ደህናው ዕቃ አይደል የሚወጣው? ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምናደርገው፤ ለምትታየዋ ከእህቶቿ እንበደርላታለን፣ በኋላ እንመልሳለን። ክፉ አስቤ መሰለህ?»

«ክፉ አላልኩህም። የሌሎቹስ ሥር?»

«ሁሉም አይደሉም።»

«ጋሼ!»

«ብዙዎቹ። ቆርቆሮ ደርቤ፣ ሪቬት መትቼ አጠብቀዋለሁ። መላ አይጠፋም። እስከ ዛሬ መላ ያጣሁበት ቀን አለ?»

«ለድሮው ሞተር መላ ነበረህ። ይሄ እኮ ወንበሬ ላይ ለጠፈኝ። የተሰነጠቀ ክንፍ ይህን ሊችል ነው?»

«አንተ ዝም ብለህ ብረር።»

«የባልቴቷስ?» አለ ሻለቃው።

ሻለቃው በደመናው ክፍተት ከሥሩ ያለውን አገር አየ፤ መንገዱ፣ የቆርቆሮ ጣሪያው፣ የሃንጋሩ ረጅም ጀርባ። ከዚያ ላይ ሲታይ ማደስም መግዛትም የሌለ ነገር ይመስላል፤ ግን መውረድ ግዴታ ነው።

«ሃንጋሩ ሲዘጋ እነዚያን ልጆች ምን ብዬ ነው የማሰናብታቸው?» አለ ሻምበሉ። ድምፁ ከቅድሙ ወረደ። «ከሌላ ቦታ ማን ይቀጥራቸዋል? ጄት ከመጠገን ሌላ ምን ያውቃሉ? … መናገር መብትህ ነው። አልቀየምህም ብዬ ግን አልዋሽህም። እቀየምሃለሁ። እስክሞት ነው የምቀየምህ።»

ሻለቃው የሬዲዮውን ቁልፍ መልሶ ከፈተና የማረፊያ ፈቃድ ጠየቀ። እግሩ እንደገና አልቀመጥ ብሎት ነበር፤ ፔዳሉ ላይ ተጭኖ ያዘው።

መሬት ሲነኩ የሃንጋሩ ሠራተኞች ቆባቸውን ወደ ላይ እየወረወሩ አጨበጨቡ። ጄኔራሉ መሰላሉ ሥር ድረስ መጥተው ጠበቁት። ማደሱን እንደሚፈልጉ ከአካሄዳቸው ያስታውቃል፤ ከማዶ ያለውን ጎረቤት ሲያስቡ እሳቸውም እንቅልፍ የላቸውም።

«እሺ ሻለቃ! እንዴት ናት?»

«ክቡር ጄኔራል፣ ከዚህ የተሻለች አብርሬ አላውቅም።»

ይህም እውነት ነው። ሻምበሉ ከኋላው መሰላሉን ሲወርድ በረጅሙ ሲተነፍስ ተሰማው። ጄኔራሉ እጃቸውን አፋተጉና ወደ ግምጃ ቤቱ ሰው ዞሩ። «ሰማህ? እንግዲህ የቀሩትም እንዲህ ይሆናሉ ማለት ነው!»

አሁን ዝም ቢል ነገሩ አለቀ። ሠራተኞቹ ይጨፍራሉ፣ ሚስቱ በር ላይ ስማ ትቀበለዋለች፣ አማቹ አይቀየመውም። ሻለቃው ቁሩን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ፤ መልሶ አዛወረው።

«እሱን እኔ ልመልሰው አልችልም፣ ክቡር ጄኔራል። እኔ የማውቀው የበረርኩባትን ነው። የቀሩት ደህና ይሆናሉ የሚለው ሰው በልማዳችን መዳፉን ያሳርፍባቸዋል። ሻምበል ባሳረፈባቸው ሁሉ እኔ እበራለሁ።»

የግምጃ ቤቱ ሰው ሳቀ። «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ በዚህ ሁሉ ገንዘብ ላይ በመዳፍ ነው እንዴ የሚወሰነው?»

ጄኔራሉ ግን አልሳቁም። እሳቸውም በጉልምስናቸው እዚሁ ሜዳ ላይ በርረዋል፤ ኋላ ወንበር ላይ ሰው ይዘው ያረፉባቸው ቀኖች አሉ። ጥቁር መነጽራቸውን አወለቁና የሻምበሉን ፊት በደንብ አዩት።

«ሻምበል፣ ልማዱን ፈጽም» አሉ።

ሻምበሉ ሻለቃውን አንድ ጊዜ አየው። ያ ዓይን ምን ይል እንደነበር ሻለቃው ቆይቶም ለሚስቱ ሊነግራት አልቻለም። ከዚያ ወደ መስመሩ ሄደ።

የመጀመሪያዋን ዞራት፣ ክንፏ ሥር አጎንብሶ ሥሩን በጣቱ ዳበሰ፣ ተመለሰ፤ መዳፉን አፍንጫዋ ላይ አሳረፈ። ከሠራተኞቹ አንዱ «አዎ!» ብሎ ጮኸ። ሁለተኛዋም ዘንድ እንዲሁ አደረገ፤ ቆየ እንጂ አሳረፈ። ሦስተኛዋ ባልቴቷ ናት። አቡሽ አባቱ ሲመጣ ደረቱን ነፍቶ፣ እንደ ቤት ባለቤት ገለል ብሎ መንገድ ለቀቀለት። ሻምበሉ አላጎነበሰም፣ ክንፉንም አላየም፤ የሚያውቀውን ምን ያየዋል? መዳፉን አነሣ።

መዳፉ አየር ላይ ቆየ። በጣቶቹ መሐል ሳሙና የማያወጣው ጥቁር ዘይት ነበር። 

«አባባ?» አለ አቡሽ።

ሻምበሉ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። የቀሩትን ሳያይ ዞሮ ተመለሰና ጄኔራሉ ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ሁለቱን እሠራለሁ፣ ክቡር ጄኔራል፤ የክንፋቸው ሥር ጤነኛ ነው። ዛሬ የበረረችው ግን በተውሶ ክንፍ ነው፤ የተዋስኩት እኔው ነኝ፣ ሌላ ሰው የለበትም። ለቀሩት ልጆች አዲስ ይግዙላቸው።»

ሃንጋሩ በር ላይ ቆቦቹ ወረዱ። የግምጃ ቤቱ ሰው ቦርሳውን ከደረቱ ላይ አወረደው፣ ዘይቱንም ረሳው። ጄኔራሉ ፊታቸው ጠቆረ።

«አዲሶቹ እስኪመጡ በምን እጠብቃለሁ? በሦስት ጄት?»

«በሦስት፣ ክቡር ጄኔራል። ሦስቱ ግን ሲጠሩ ይነሣሉ።»

«ይህን ትናንት ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ትናንት አልቻልኩም ነበር።»

ጄኔራሉ ቁጣቸውን የት እንደሚያሳርፉት ለጊዜው ጠፋቸው። ቀና ብለው ወሰኑ ያለበትን አቅጣጫ አዩ፤ ሰማዩ ባዶ ነው። «የሃንጋሩን ቁልፍ ለምክትልህ አስረክብ» አሉ በመጨረሻ። «እስክጠራህ ድረስ ቤትህ ተቀመጥ።» ሻምበሉ ተረከዙን አጋጭቶ ሰላምታ ሰጠ። ቁልፉን ከቀበቶው ፈትቶ ለምክትሉ ሰጠው፤ ምክትሉ ያለቅስ ነበር።

አቡሽ ፊቱ ፍም መስሎ መጣ። «የሁለቱን ነክተህ የእኔን ዘለልክ! በሰው ሁሉ ፊት! እበርባታለሁ እኮ፣ አልፈራም!»

«አውቃለሁ» አለ አባቱ። «የፈራሁት እኔ ነኝ።»

ልጁ ለአጎቱ ሰላምታ ሰጠ፣ ለአባቱ ሳይሰጥ ሄደ። ልጁ እስኪርቅ ድረስ ሻምበሉ ጀርባውን አየው፤ ፊቱ ላይ የነበረውን ለመግለጽ ሐዘን የሚለው ቃል አይበቃም፤ ደስታም ነበረበት።

ሻለቃው ጂፑ ውስጥ ገብቶ የፊቱን በር ከውስጥ ከፈተለት። ዛሬ እንኳ ፊት ይቀመጥ እንደሆነ ብሎ ነው፤ ምን እንደሚለውም አያውቅም። ሻምበሉ የተከፈተውን በር አይቶ ዘጋው። ዞሮ ኋላ ወንበር ላይ ወጣና ቁሩን ጭኑ ላይ አኖረ።

ሞተሩ ተነሣ። ሻለቃው እጁን የእጅ ፍሬኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሊነዳ አልቻለም። «እስክሞት ነው የምቀየምህ» ያለው ድምፅ ጆሮው ውስጥ ነበር፤ ብሎን ደግሞ ያለውን የሚረሳ ሰው አይደለም። ሠራተኞቹ ከሃንጋሩ በር ያዩዋቸዋል፣ ጂፑ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ሻለቃው መስተዋቱን ለማየት አልደፈረም። ሲጋራ አወጣ፣ አልለኮሰውም፣ መለሰው።

ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማ።

«ከኋላ አለሁ» አለ ሻምበሉ።

ሻለቃው ፍሬኑን ለቀቀ። እስከ ቤት ድረስ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ እየዞረ ነዳ።